ከስንዴው ይቆረጥ፤ ግን በደረሰኝ

ለግብርና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ የስንዴ ገበሬ ከሽያጩ ላይ ለምርምርና ለገበያ ስለሚያዋጣው ገንዘብ

ጤና ይስጥልኝ።

ሰንዳፋ አስፋልት ዳር እህል የምገዛ ነጋዴ ነኝ። ትልቅ ነጋዴ አይደለሁም። አንድ መጋዘን፣ አንድ ሚዛን፣ መኸር ሲደርስ ደግሞ ጫኝና አውራጅ ልጆች አሉኝ። የበረህና የአለልቱ ገበሬዎች በአህያ፣ በጋሪ፣ ሲበዛም በአይሱዙ የሚያመጡትን ስንዴ እገዛለሁ። ከዚያ ለዱቄት ፋብሪካ ወይም መርካቶ እህል በረንዳ አስረክባለሁ። ማንነቴን አስቀድሜ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። የማቀርበው ሐሳብ ሥራ ላይ ከዋለ ገንዘቡን ከገበሬው ላይ የምቀንሰው እኔና እንደኔ ያሉት ነን። ስለዚህ ደብዳቤውን "ይሄ ሰውዬ ምን ሊያተርፍበት ነው?" እያላችሁ አንብቡት። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማነበው።

ሐሳቡ አጭር ነው። ገበሬው ስንዴ በሸጠ ቁጥር ከዋጋው ላይ በጣም ትንሽ ገንዘብ ይቀነስ። ያ ገንዘብ ለስንዴ ምርምርና ለስንዴ ገበያ ብቻ ይዋል። ምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑትን ሰዎች ገበሬው ራሱ ይምረጥ።

እኔ የፈጠርኩት ነገር አይደለም። ስንዴ በብዛት የሚያመርቱ አገሮች ከቆዩበት ሰንብተዋል። (የውጭውን ስናገር ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው።) በአሜሪካ ካንሳስ የሚባለው ግዛት ገበሬው ሲሸጥ ከእያንዳንዱ ቡሽል 2 ሳንቲም ይቀነስበታል። ቡሽል 27 ኪሎ ግድም ነው፤ ወደ ኩንታል ሲመለስ የአሜሪካ 7 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። ስንዴው ቡሽሉ 5 ዶላር ቢሸጥ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። የሚቀንሰው መጀመሪያ የገዛው ሰው ነው። ገንዘቡ በ1957 ለተቋቋመው የካንሳስ ስንዴ ኮሚሽን ይገባል። በ2012 በዚሁ ገንዘብ ማንሃተን በምትባል የካንሳስ ከተማ የራሳቸውን የስንዴ ምርምር ማዕከል ከፈቱ። የኒውዮርኳ ማንሃተን አይደለችም፤ ይቺኛዋ በስንዴ ማሳ የተከበበች ናት።

ካናዳ ውስጥ የሳስካችዋን ገበሬዎች ከ2017 ጀምሮ በቶን 1 ዶላር ይቀነስባቸዋል፤ በኩንታል 10 የካናዳ ሳንቲም ማለት ነው። ቦርዱን ራሳቸው ይመርጣሉ። ያልተስማማው ገበሬ ማመልከቻ ሞልቶ የተቀነሰበትን ማስመለስ ይችላል። ካንሳስም እንደዚሁ ነው። አውስትራሊያ ጠንከር ይላል። እዚያ ለእህል ምርምር የሚቆረጠው ከሽያጩ 0.99 በመቶ ነው፤ አልከፍልም ማለት የለም። ግን መንግሥትም ባዶ እጁን አይቀመጥም። ከምርቱ ጠቅላላ ዋጋ እስከ 0.5 በመቶ ድረስ ከራሱ ካዝና ይጨምራል። ይህን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከ1990 ጀምሮ አለ።

ይህ ለኛ ምን ያደርግልናል? መልሱ ዋግ ነው፤ ስንዴን የሚያጠቃው በሽታ።

የ2003 ዓ.ም. መኸር ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ቢጫ ዋግ ኩብሳን መታው። ኩብሳ ያን ጊዜ አገሩን ሞልቶት የነበረ ዝርያ ነው። ገበሬው ብዙም ሳይቆይ ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይችላል ተብሎ። እውነትም ይችል ነበር። በ2006 ኅዳር ላይ ግን አርሲና ባሌ ላይ ሌላ ነገር መጣ፤ የግንድ ዋግ። ዲገሉ ለሱ መድኃኒት አልነበረውም። ገበሬው ሳያጠፋ፣ ተመራማሪውም ሳይሰንፍ፣ በሦስት ዓመት ልዩነት ሁለት ዝርያ ተመታ። ዋግ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ዘሩን እየቀያየረ ይመጣል። ዛሬ የሚቋቋመው ስንዴ ነገ ላይቋቋም ይችላል። ስለዚህ የስንዴ ምርምር አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በየዓመቱ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ዋግ በሌለበት ዓመትም ጭምር። ችግሩ ዋግ በሌለበት ዓመት ለዋግ የሚመድብ ሰው አይገኝም።

እስካሁን ማን ሲመድብ ነበር? መንግሥት፣ ከሱ ጋር ደግሞ ለጋሾች። ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከኛ ብዙም ሩቅ አይደለም። ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ ዱረም፣ የፓስታና የመኮሮኒ ስንዴ ማለቴ ነው፣ የግንድ ዋግን ይችል እንደሆነ እዚያ ይፈተናል። የዳቦው ስንዴ ኬንያ ውስጥ ንጆሮ ነው የሚፈተነው። ለዚህ ሥራ ከ2008 ጀምሮ ብዙ ገንዘብ ያመጣው የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ፕሮጀክት ነበር። ኪሱ የጌትስ ፋውንዴሽንና የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። የዋግ ማስጠንቀቂያውም እንዲሁ። ነፋሱ የዋግን ብናኝ ወዴት እንደሚወስደው የሚያሰላው ሥራ ውስጥ ከኛ ተመራማሪዎች ጋር ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ ቢሮ አሉበት። እግዜር ይስጣቸው። ሆኖም ፕሮጀክት ማለቂያ ቀን አለው። ዋግ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንገበግበኛል። "ገበሬው ለምርምር መቼ አዋጥቶ ያውቃል?" የሚል ሰው አይጠፋም። አዋጥቷል፤ በዘር። ኢትዮጵያ የዱረም ስንዴ ዓይነት ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 ይህንን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥቶ ሰብስቧል። እኛም በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ የጂን ባንክ አለን። እዚያ የተቀመጠውን የስንዴ ዘር ከትውልድ ትውልድ እየለየ፣ እያበጠረ፣ ጎተራ እያስቀመጠ ያቆየው ገበሬ ነው። ስለዚህ አሁን ገንዘብ አዋጣ ሲባል እንደ አዲስ ባለዕዳ ሳይሆን እንደ ነባር ባለድርሻ ይነገረው።

ወደ ገበያው ልምጣ፤ የማውቀው እሱን ነው።

እኛ ጋ የስንዴ ጥራት የሚለካው በጥርስ ነው። ፍሬውን አንስቼ እነክሰዋለሁ። ከጮኸ ደርቋል፤ ከተለጠጠ እርጥብ ነው። ክንዴን ከረጢቱ ውስጥ እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥር ያለውን እዘግናለሁ፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ሁልጊዜም ያምራል። ከዚያ ዋጋ እጠራለሁ። ፕሮቲኑ ስንት ነው፣ ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተን ይበቃል ወይ፣ ማንም አያውቅም። ፋብሪካው ጋ ስደርስ ደግሞ እኔ ላይ ይደርሳል፦ "ይሄ ስንዴ ሊጥ አያነሳም"። ዋጋ ይወርዳል። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ለገበሬው አወርዳለሁ። በደንብ ያበጠረውም፣ ከገለባ ጋር ያመጣውም፣ ዳንዳአ የሚባለውን ዝርያ የዘራውም፣ ስሙን የማያውቀውን ድብልቅ የዘራውም አንድ ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ ለጥሩ ዘር ለምን ይልፋ?

አሜሪካኖቹ ከሚያዋጡት ሳንቲም ከፊሉ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ዩ.ኤስ. ዊት አሶሺዬትስ የሚባል ድርጅት አላቸው፤ በ1980 የተመሠረተ። ከየግዛቱ ገበሬ የተሰበሰበው ገንዘብ ላይ የመንግሥታቸው ድጋፍ ይጨመርበታል። ሥራው የአሜሪካን ስንዴ በውጭ አገር ማስወደድ ነው። በየዓመቱ የምርታቸውን ፕሮቲን፣ እርጥበትና የሊጥ ጠባይ እየለካ ለገዢዎች ያሳውቃል። የውጭ አገር ወፍጮ ባለቤቶችንና ዳቦ ጋጋሪዎችን ያሠለጥናል። የካንሳስ ገበሬ ሩቅ አገር ያለ ዳቦ ቤት ምን ዓይነት ሊጥ እንደሚፈልግ የሚነግረው ቢሮ አለው። የአለልቱ ገበሬ 40 ኪሎ ሜትር የማይርቀው ዳቦ ቤት ምን እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰው የለውም።

እኛ ውጭ አገር ቢሮ ይከፈት አላልንም። ለጊዜው የእርጥበት መለኪያ በየገበሬ ማኅበራቱ ዩኒየን መጋዘን ይቀመጥልን። ፕሮቲንና ግሉተን የሚለካ አንድ ላቦራቶሪ በአቅራቢያችን ይኑር። ውጤቱም ዋጋ ላይ ይታይ። ባሌ ላይ በጣሊያን ትብብር ድጋፍ ዩኒየኖችና ፓስታ ፋብሪካዎች በዱረም ስንዴ ሲዋዋሉ ነበር። በጥራት መሸጥ እዚህ አገርም እንደሚቻል ያየነው እዚያ ነው። ገንዘቡ ግን አሁንም የሰው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ለስሌት ያህል ኩንታሉን 5,000 ብር እንበለው። ግማሽ በመቶ 25 ብር ነው። 10 ኩንታል የሸጠ ገበሬ 250 ብር ይቀነስበታል። ብዙ ነው? በየገበያው "የከረጢት" እየተባለ ከኩንታል አንድ ኪሎ የሚቀንስ ነጋዴ ሞልቷል። ባዶው የማዳበሪያ ከረጢት ሲመዘን ግማሽ ኪሎ አይሞላም። አንድ ኪሎ 50 ብር ነው። ማለትም ገበሬው ምርምር ከሚጠይቀው እጥፍ የሆነ መዋጮ ዛሬም ይከፍላል፤ ለከረጢት። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ አረፍተ ነገር እንደማይደሰቱ አውቃለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገበሬ አምስት አምስት ኩንታል ቢሸጥ 125 ሚሊዮን ብር ነው። አገሪቱ ውስጥ ስንዴ የሚዘራው ገበሬ ከአራት ሚሊዮን ይበልጣል። አብዛኛው ምርት ለቤትና ለዘር ስለሚቀር ሁሉም አይሸጥም። ቢሆንም ገንዘቡ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ እስካሁን ያወራሁት ጥሩ ጥሩውን ነው። የምፈራውን ልንገራችሁ።

የካንሳስ ገበሬ ስንዴውን የሚያስገባው ትልቅ ጎተራ ላለው ገዢ ነው። ገዢው ፈቃድ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ሳንቲሟን ቀንሶ ቼክ ይልካል። ጥቂት በር ስለሆነ መቆጣጠር ይቻላል። እኛ ጋ በሩ ብዙ ነው። ስንዴው ማሳ ላይ ለደላላ ይሸጣል፣ መንገድ ላይ ለሰብሳቢ፣ ገበያ ላይ በጣሳ፣ መጋዘን ላይ ለኔ። አብዛኛው ያለ ደረሰኝ ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው "ቁረጡ" ተብሎ ሥልጣን ቢሰጥ የሚሆነውን እኔ ልንገራችሁ፦ ሁሉም ይቆርጣል፣ ጥቂቱ ያስረክባል። ሰብሳቢው ቆርጦ ለኔ ሲሸጥ እኔም ዋጋዬን በዚያው ልክ አወርዳለሁ። ከአንዱ ኩንታል ሁለቴና ሦስቴ ይቆረጣል። የሚከፍለው ያው ገበሬው ነው።

ሌላው አማራጭ በቀበሌ መሰብሰብ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉት። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ግብር ይከፍላል። በላዩ ላይ በየጊዜው የሚመጣ መዋጮ አለ፤ ስሙ ይለያያል፣ የሚመጣው ግን ያው ማዳበሪያ በሚወሰድበት ሰሞን ነው። "የምርምር" የሚባል አንድ ሌላ መስመር ቢጨመር ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያምንም። እድር እንኳን በየወሩ ሒሳቡን ያነባል። ያልሸጠ ገበሬም መክፈል የለበትም። መዋጮው የሚቆረጠው ከሽያጭ ከሆነ ምርቱ ዋግ የበላው ሰው ምንም አይከፍልም። በቀበሌ ከሆነ ግን በነፍስ ወከፍ ይሆናል፤ በረዶ የመታውም ይከፍላል።

ስለዚህ ከጥቂቱ በር ጀምሩ። መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች ከአባሎቻቸው ሲገዙ በደረሰኝ ነው። ትልልቅ ዱቄት ፋብሪካዎች ከዩኒየን ሲገዙም ሰነድ አለ። ቅነሳው እዚያ ብቻ ይሁን፤ ለአንድ ኩንታል አንድ ጊዜ፣ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ተጽፎ። እንደኔ ያለው ነጋዴ መግባት ከፈለገ መጀመሪያ የተመረመረ ሚዛንና ደረሰኝ ይዞ ይመዝገብ። "ዩኒየን ብቻ ከቀነሰ ገበሬው ሸሽቶ ወደ ነጋዴ ይመጣል" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ይመጣል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ገንዘብ ሌላ ነገር ሳይነካ መለኪያ መግዛት ያለበት። ለዩኒየን የሸጠው ገበሬ ስንዴው ተለክቶ በጥራቱ 100 ብር ካገኘ ለ25 ብሯ አይሸሽም።

ገንዘቡ የት ይቀመጣል የሚለው የእናንተ ጉዳይ ቢሆንም አንድ ምሳሌ አለን። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ብቻ ተብሎ ተለይቶ እንዲቀመጥ ነው። መንገዱ አሁንም ጉድጓድ አለው፣ ከለገጣፎ ሰንዳፋ የተመላለሰ ያውቀዋል። ነገር ግን ለአንድ ሥራ የተቆረጠ ገንዘብ ለብቻው በአዋጅ ማስቀመጥ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ደግሞ መንግሥት ገበሬው ሲያዋጣ የራሱን እጅ እንዳይሰበስብ። የምርምር ኢንስቲትዩቱ በጀት በገበሬው መዋጮ ልክ ከተቀነሰ ምንም አልተጨመረም ማለት ነው። አውስትራሊያ እንዳደረገችው፣ ገበሬው ላዋጣው ብር መንግሥትም ይጨምር። ይህ አዋጁ ውስጥ ከሌለ እኔ በበኩሌ ሐሳቤን አንስቻለሁ።

ማን ይወስናል የሚለው ከሁሉም ያከራክራል። ቦርዱ ላይ የሚቀመጠው ስንዴ የሚዘራ ሰው ይሁን። ተመራማሪ ያማክር፣ ፋብሪካም ይናገር፤ ድምፁ ግን የከፋዩ ይሁን። እኛ አካባቢ አንድ ጣጣ አለ። ከተማው እየሰፋ ስለሆነ መሬቱ በአንዱ ስም ሆኖ የሚያርሰው ሌላ ነው፤ በእኩል ወይም በኪራይ። የመሬት ደብተሩ በባለመሬቱ ስም ነው። ባለመሬቱ ይመረጥ ከተባለ ቦርዱ ማሳ ረግጠው በማያውቁ ሰዎች ሊሞላ ይችላል። መራጩ የሽያጭ ደረሰኝ ያለው ሰው ይሁን፤ ሴቶች ገበሬዎችም በዚሁ ይገባሉ፤ ስማቸው ደብተር ላይ ይኑርም አይኑር። ሒሳቡ ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይለጠፍ፤ ማኅበሩ በር ላይ እንጂ ሪፖርት ውስጥ ብቻ አይደለም።

እምቢ ማለትም ይቻል። እንግሊዝ ውስጥ የድንችና የአትክልት አምራቾች በ2021 ድምፅ ሰጥተው መዋጮውን አስቀርተዋል። ለምንከፍለው የሚመጣልን አልታየንም አሉ። እህል አምራቾቹ ግን ዛሬም ይከፍላሉ። የትኛው ዝርያ የት ስንት እንደሚሰጥ፣ የትኛውን በሽታ እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር በዚያ ገንዘብ ይወጣላቸዋል። ዘር ሻጭ ብቻውን ያላዘጋጀው ዝርዝር። እኛ ጋ ገበሬው ስለ ዝርያ የሚሰማው ከጎረቤት፣ ከግብርና ባለሙያው፣ አንዳንዴም ከኔ ነው። እኔ ደግሞ የማውቀው የሚሸጠውን እንጂ የሚበቅለውን አይደለም።

ባጭሩ የምጠይቀው ሙከራ ነው። አንድ ፈቃደኛ ዩኒየን፣ ከሱ የሚገዛ አንድ ዱቄት ፋብሪካ፣ አንድ መኸር። መጠኑ ከግማሽ በመቶ አይለፍ። ማስመለስ የፈለገ ገበሬ በአንድ ወር ውስጥ ይመለስለት። ስንቱ እንዳስመለሰ ለሕዝብ ይነገር፤ ቁጥሩ ብዙ ከሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የዚህ አካባቢ ስንዴ ኅዳር ላይ መምጣት ይጀምራል። ደረሰኝ ለማሳተም፣ ሚዛን ለማስመርመርና በየማኅበሩ ስብሰባ ለመጥራት ክረምቱ ያስፈልጋል። የምትስማሙ ከሆነ እስከ ሐምሌ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር
የሰንዳፋ እህል ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለአካባቢው መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች
"የከረጢት" ለሚቀንሱ የሥራ ባልደረቦቼ